የዳሱ ልጆች

አንድ አሮጌ የቆርቆሮ ዳስ በአንዲት የሐይቅ ዳር ከተማ ውስጥ ነበረ። ድሮ ታንኳ ይጠገንበት የነበረ ነው። ግድግዳ የለውም፤ ምሰሶዎቹ ላይ ዝገት የበላው ጣሪያ ተጭኗል፣ ከሥሩ ሻካራ አግዳሚዎች ተደርድረዋል፣ በቃ። የትምህርት ቤቱ ደወል ተደውሎ ልጆች ሲለቀቁ፣ ቤታቸው ሰው የሚጠብቃቸው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። እናታቸው ገበያ የምትውልባቸው፣ አባታቸው ለዓሣ ወጥቶ የሚያመሽባቸው ወይም ከነአካቴው አባት የሌላቸው ደግሞ ወደ ዳሱ ይወርዳሉ። እዚያ ጋሽ አንዳርጌ ይጠብቋቸዋል። ጋሽ አንዳርጌ ቀን ትምህርት ቤት ሲያስተምሩ የሚውሉ፣ ከደወል በኋላ ደግሞ ማንም ሳያዛቸው ዳሱ ሥር የሚቀመጡ መምህር ነበሩ። ጡረታ ከወጡም በኋላ ዳሱን አልተዉም።

የዳሱ ሕግ አጭር ነበር። መጀመሪያ የቤት ሥራ። ቀጥሎ ውሃ። ወደ ቤት ከመሄዱ በፊት ደግሞ እያንዳንዱ ልጅ ዛሬ የገባውን አንድ ነገር ከእሱ ለሚያንስ ልጅ ያስረዳል። ሳያስረዳ የሚሄድ የለም።

ውሃ ማለት ዋና ነው። ልጆቹ ባዶ ቢጫ ጀሪካን ክዳኑን አጥብቀው ይዘጉና ደረታቸው ላይ አቅፈው ይገባሉ። አንዱ ደንግጦ መንፈራገጥ ሲጀምር ጋሽ አንዳርጌ ከዳር ሆነው «ሰማይ እይ!» ይላሉ። ልጁ በጀርባው ይጋደማል፣ ዓይኑን ወደ ላይ ያደርጋል፣ ሰውነቱ ይፈታል፣ ውሃውም ይሸከመዋል። ይኸው ቃል ከውሃ ውጭም ይሠራ ነበር። ክፍልፋይ አልገባው ብሎ ዕንባ የተናነቀውን ልጅ «ሰማይ እይ» ይሉታል። ልጁ እርሳሱን ያስቀምጣል፣ አግዳሚው ላይ ይጋደማል፣ በጣሪያው ቀዳዳ የምትታየውን ሰማይ እያየ ትንፋሹ እስኪመለስ ይቆያል፣ ከዚያ ተነስቶ እንደገና ይጀምራል። ሁለት ልጆች ከተደባደቡ ደግሞ ቃሉ ለሁሉም ይነገራል፤ ዳሱን የሞላው ልጅ በሙሉ ባለበት ዝርግት ይላል። ተጋድሞ የሚደባደብ የለም።

ከተማዋ ግን ዳሱን አታከብረውም ነበር። ሰብሳቢ ያጣ ልጅ መዋያ ነው ትለው ነበር። ሰፈር ውስጥ ልጆች ሲሰዳደቡ «የዳስ ልጅ» ከተባባሉ ነገሩ ወደ ድንጋይ ይዞራል። ስለዚህ ዳሱ የሚውሉት ልጆች በጓሮ መንገድ ይመጣሉ፣ በጓሮ መንገድ ይሄዳሉ። ካደጉ በኋላ እዚያ እንደዋሉ አይናገሩም።

ከእነዚያ ልጆች አንዷ ውባለም ነበረች።

የውባለም አባት ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ እሷ ገና ነፍስ ሳታውቅ ሐይቁ ወሰደው። እናቷ ወይዘሮ ይርገዱ በርበሬ እየቸረቸረች ብቻዋን አሳደገቻት። ትምህርት ቤት ባስገባቻት ቀን እጇን ይዛ፣ «በአባትሽ አጥንት ማዪልኝ፤ ከቁርጭምጭሚትሽ በላይ እዚያ ውሃ ውስጥ አትገቢም» አለቻት። ውባለም ማለች። መሐላ ምን እንደሆነ በቅጡ ባይገባትም፣ እናቷ እስክትምል ድረስ እጇን አልለቀቀቻትምና ነገሩ ከባድ መሆኑን አውቃለች።

ወደ ዳሱ የወሰዳት ሒሳብ ነው። ክፍል ውስጥ ጥያቄ ስትጠየቅ በመዳፏ አፏን ሸፍና ዝም የምትል ልጅ ነበረች። እናቷ ፊደል አልቆጠረችም፣ የሚያስረዳት ሰው ቤት የለም። አንድ ቀን ከደወል በኋላ አጥር ሥር ቁጭ ብላ ስታለቅስ አንዲት የክፍል ጓደኛዋ ጎትታ ወደ ዳሱ አመጣቻት። ሒሳቡ ገባት። ከሒሳቡ በኋላ ሌሎቹ ወደ ውሃው ሲሮጡ እሷ ዳር ቀረች። ቁርጭምጭሚቷ ድረስ ገባች፤ ይሄ ተፈቅዷል። በሌላ ቀን እስከ ጉልበቷ። ዝናቡ ገብቶ ከመውጣቱ በፊት ውባለም ከልጆቹ ሁሉ ርቃ የምትዋኝ ሆነች።

እርጥብ ፀጉርና እርጥብ ቀሚስ መቼም ይናገራል። እሷ ግን ዘዴ ነበራት። ከዳሱ ስትመለስ በቦኖ ውሃው በኩል ታልፋለች፤ ጀሪካኗን ሞልታ ራሷ ላይ ትሸከማለች፤ ቤት ልትደርስ ስትል ክዳኑን ላላ አድርጋ ውሃው ከራሷ እስከ እግሯ እንዲወርድባት ትተወዋለች። «ጀሪካኑ አፈሰሰብኝ እማ» ትላለች። እናቷ ክዳኑን ታገላብጣለች፣ ታሽከረክራለች፣ ከሥሩ የፌስታል ቁራጭ ትጠቀጥቅበታለች፤ በሚቀጥለው የገበያ ቀን ደግሞ አዲስ ክዳን ገዝታ ትመጣለች። አዲሱም ያፈስሳል። እናቷ ክዳን የሚሸጠውን ነጋዴ ስትረግም፣ ውባለም አንገቷን ደፍታ ፀጉሯን ታደርቃለች።

እንዲህ እንዲህ እያለ ዘመኑ ሄደ። ውባለም ትልቅ ከተማ ተልካ ተማረች፣ ተመርቃ መጣች፣ በከተማዋ ጤና ጣቢያ የላቦራቶሪ ባለሙያ ሆነች። ዓይነ አፋርነቷ አልተዋትም። ከሰው ይልቅ ከማይክሮስኮፕ ጋር መዋል ይቀናታል፤ ስትናገር አሁንም አፏን በነጠላዋ ጫፍ ትሸፍናለች። እናቷ ደግሞ የሴቶች እድር ሰብሳቢ ሆና ቃሏ የሚሰማ እናት ሆነች። ምስጢሩ ግን መሀላቸው እንደተቀመጠ ነው። ለመናገር ብላ አፏን የከፈተችባቸው ምሽቶች ነበሩ፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የአባቷን ፎቶ ስታይ መልሳ ትዘጋዋለች።

ከዕለታት አንድ ቀን የከተማው ሰው ለስብሰባ ተጠራ። ነገሩ የዳሱ ነገር ነበር። ትልቁ የእህል ነጋዴ አቶ ስማቸው ቦታውን ለመጋዘን ጠይቀው ነበር። ጋሽ አንዳርጌ በከዘራ ተደግፈው መጥተው ከፊት ተቀመጡ። ወይዘሮ ይርገዱ ልጇን ይዛ መሀል ላይ ነበረች።

«ጋሽ አንዳርጌ፣ እናከብርዎታለን» አለ የቀበሌው ሊቀመንበር። «ግን እንነጋገር። ያ ዳስ ይሄን ሁሉ ዘመን ቆሞ ምን አፈራ?»

«ጉንፋን!» አለ ከኋላ አንዱ። አዳራሹ ሳቀ።

አቶ ስማቸው ተነሱ። ሁልጊዜ የሚለብሱትን ጥቁር ካፖርት ለብሰዋል። «መጋዘን ቢሆን ቢያንስ እህል ከዝናብ ያድናል» አሉ። «ልጅ የሚያድገው ቤቱ ነው። ቤት የሌለው ልጅ ደግሞ ዳስ ሥር ስለዋለ ቤት አይኖረውም። እዚያ ውለው ምን እንደሆኑ እስቲ አሳዩን።»

«ጥሩ ጥያቄ ነው» አለ ሊቀመንበሩ። «በዚህ ዳስ ተምሬ ሰው ሆንኩ የሚል አንድ ሰው ይነሳ። አንድ ሰው ብቻ። ከተነሳ እኔ ራሴ እከራከርላችኋለሁ።»

ከአዳራሹ የተነሳ የለም።  ውባለም ልትነሳ ፈለገች፤ ወገቧ አልታዘዝ አለ። ወደ ጋሽ አንዳርጌ አየች። እሳቸው ወለሉን ያያሉ። ቀና ቢሉ ዓይናቸው አንዱ ተማሪያቸው ላይ አርፎ እንዳያጋልጠው ብለው ነው ያቀረቀሩት። ይሄ ገባት።

«ማን ሊነሳ?» አለች እናቷ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ። «የት አሉና።»

ውባለም የወንበሩን ጠርዝ ያዘች። ልትነሳ ነው። በዚያው ቅጽበት እናቷ ቀድማት ተነሳች።

«የእኔን ባል ይሄ ውሃ በልቶታል» አለች ወይዘሮ ይርገዱ። ድምጿ ጠንካራ ነበር። «እኔ ልጄን ከዚህ ውሃ ጠብቄ ነው ያሳደግኋት። ያቺውላችሁ፣ ለወግ ለማዕረግ በቃች። ዳስ አላስፈለጋትም። ልጅን ከውሃ የሚያለማምድ ቦታ ይቅር፤ ሌላ እናት እንደኔ ባዶ ቤት አትግባ።» ይህን ብላ ተቀመጠችና ሰው ሁሉ እያየ የልጇን ጉልበት መታ መታ አደረገች።

አዳራሹ አጨበጨበ። ውባለም ጠርዙን የያዘ እጇን ለቀቀች። ከዓመት በዓሉ ማግሥት ዳሱ ይፍረስ ተባለ። ጋሽ አንዳርጌ ማንንም ቀና ብለው ሳያዩ ወጡ።

ዓመት በዓሉ የሚከበረው ከሐይቁ መሀል ባለችው ደሴት ነው። የከተማዋ ሰው በጀልባ ይሻገራል፤ ሲመለስ ጸበል ይዞ ይመጣልና አብዛኛው ሰው ባዶ ጀሪካን አንጠልጥሏል። በዚያ ጠዋት ጀልባዋ ከልክ በላይ ሞልታለች። ባለ ጀልባው ፈንታሁን እጁን ዘርግቶ በሩ ላይ ቆመ።

«ቦታ የለም። ቀጣዩን ጠብቁ።»

«ባለፈው ዓመት በግ ጭነህ ስትሄድ አይቼሃለሁ» አለች ወይዘሮ ይርገዱ። «እኛ ከበግ እናንሳለን?»

«በግ ለመሳለም አይሽቀዳደምም፣ እትዬ ይርገዱ።»

ሰው ሳቀ፣ ፈንታሁንም ሳቀ፣ እጁንም አነሳ። ሊቀመንበሩ ገባ። አቶ ስማቸው በካፖርታቸው ገቡ። ወይዘሮ ይርገዱ ልጇን አስከትላ ገባች።

ፈንታሁን ስለ መሽቀዳደም የተናገረው ያለ ነገር አልነበረም። ጀልባዋ ወሽመጡን ዞራ ስትወጣ የደሴቲቱ ቤተ ክርስቲያን ጉልላት ድንገት ከዛፎቹ በላይ ብቅ ይላል። ጉልላቱን ቀድሞ አይቶ የተሳለመ ዓመቱ ይቀናዋል የሚል ልማድ አለ። ስለዚህ ያቺ መታጠፊያ ስትቀርብ ሁሉም ይነሳል፣ ሁሉም ወደ ቀኝ ይጠጋል። ፈንታሁን በየዓመቱ «ተቀምጣችሁ ተሳለሙ» ይላል። በየዓመቱም የሚሰማው የለም።

ወይዘሮ ይርገዱ የጀልባዋ ጠርዝ ላይ ቆማ ነጠላዋን አጣፋች። ውባለም ከሰው ግፊያ ሸሽታ በግራ በኩል ተቀምጣ ቀርታለች። ጉልላቱ ብቅ አለ። ሰው ሁሉ ባንዴ ጎንበስ አለ። ጀልባዋም አብራ ጎንበስ አለች።

የቀኙ ጠርዝ ከውሃው ጋር እኩል ሆነ። ወይዘሮ ይርገዱና አጠገቧ የነበሩ ሁለት ሴቶች ድምፅ እንኳ ሳያሰሙ ወደ ውሃው ገቡ።

ቀጥሎ የሆነው ከዚህ የባሰ ነበር። ሰው ሁሉ ሊያድናቸው ብሎ ወደዚያው ጎን ተደፋ። እጅ የሚዘረጋ፣ ነጠላ የሚወረውር፣ ከኋላ የሚገፋ። ውሃው በጠርዙ ላይ መግባት ጀመረ። «ተመለሱ! ልትገለበጥ ነው!» አለ ፈንታሁን። በጩኸቱ መሀል ድምፁ ጠፋ።

ውባለም የእናቷ ነጠላ ውሃው ላይ ተዘርግቶ አየች። እግሯ ሊዘል ቃጣው። ነገር ግን ዳሱ ያስተማራት አንድ ነገር ያዛት፤ መጀመሪያ መረጋጋት፣ ከዚያ መንቀሳቀስ። ጀልባዋ ከተገለበጠች የምትገለበጠው እናቷ ላይ ነው። እናቷ እየሰመጠች እያየች መጀመሪያ ጀልባዋን ማዳን አለባት። ያቺ ቅጽበት በሕይወቷ የረዘመችው ቅጽበት ነበረች።

«ተቀመጡ» አለች። የሰማት የለም። ድምጿን ራሷም አልሰማችውም።

ነጠላዋን ከአፏ ላይ ገፈፈችና ከሆዷ ጮኸች፦

«ሰማይ እዩ!»

ያን ጊዜ እንግዳ ነገር ሆነ። ፈንታሁን መሪውን እንደያዘ በጀርባው ዝርግት አለ። ሕፃን ያቀፈች አንዲት እናት በሰው መሀል ልጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ተጋደመች። ከኋላ ቆሞ የነበረ አንድ ተማሪ ወለሉ ላይ ዱብ አለ። አንዲት ቆሎ ሻጭ፣ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ፣ አንዲት ነርስም እንዲሁ። ማንም አላዘዛቸውም፣ ለማሰብም ጊዜ አልነበራቸውም፤ ሰውነታቸው ነው የታዘዘው። ከሁሉ በላይ ደግሞ አቶ ስማቸው ያን ካፖርታቸውን እንደለበሱ ጀልባዋ ውስጥ በገባው ውሃ ላይ በጀርባቸው ወደቁ፤ ሲወድቁም ግራና ቀኝ የነበሩትን ሰዎች በቀበቷቸው ይዘው አብረው ጣሏቸው። የወደቀው ሌላውን ጣለ፣ ሌላውም ቀጥሎ ያለውን አስቀመጠ። ጀልባዋ ትንሽ አመነታች፣ ከዚያ ቀስ ብላ ተስተካከለች።

ውባለም የተጋደሙትን ሰዎች አየች። የእሷ ምስጢር የእሷ ብቻ አልነበረም።

ጫማዋን አወለቀች። «አባቴ፣ አንተው ፍረድ» አለችና ዘለለች።

እናቷ ጋ ስትደርስ እናቷ አንገቷን አነቀቻት። ሁለቱም አብረው ሰመጡ። ውባለም እንደተማረችው ወደ ታች ተንሸራትታ ከእቅፉ ወጣችና ከኋላ መጣች። «ጀሪካን!» ብላ ጮኸች። ፈንታሁን ተነስቶ ጀሪካኖቹን አንድ በአንድ ያነሳል፤ ከመወርወሩ በፊት ግን ክዳኑን በእጁ ጠበቅ ያደርገዋል። የዳስ ልጅ ክዳኑ ያልጠበቀ ጀሪካን አይወረውርም። ሕፃን ያቀፈችው እናት ልጇን አቶ ስማቸው ላይ አስቀምጣ «ያዙልኝ» አለችና ወደ አንደኛዋ ሴት ዘለለች። ተማሪው ወደ ሌላዋ።

«ውቤ» አለች እናቷ፣ ውሃ እየተፋች። «ውቤ፣ ውጪ። አንቺ ውጪ፣ እኔን ተዪኝ። ይወስድሻል።»

«አይወስደኝም እማ። ጀሪካኑን እቀፊው። እኔን አትያዢኝ። ሰማይ እዪ።»

«ልጄ...»

«ሰማይ እዪ፣ እማዬ።»

ወይዘሮ ይርገዱ ሰማዩን አየች። ሰውነቷ ቀስ በቀስ ተፈታ። ባሏን የበላው ውሃ ተሸከማት።

ሦስቱም ሴቶች ተረፉ። ደሴቲቱ ዳር ሰዎች እሳት አነደዱላቸው፣ ጋቢ ደረቡላቸው። ወይዘሮ ይርገዱ የቀሚሷን ጫፍ ትጨምቃለች። ውባለም አጠገቧ ተቀምጣ ትጠብቃለች። 

«ምለሽልኝ ነበር» አለች እናቷ በመጨረሻ።

«አዎ።»

«በአባትሽ አጥንት።»

«አዎ፣ እማ።»

«የት ተማርሽው?»

ውባለም እጇ ወደ አፏ ሊሄድ ሲል መለሰችው። «ዳሱ። ከትምህርት በኋላ፣ አንቺ ገበያ ስትውዪ። መጀመሪያ የሄድኩት ለሒሳብ ነበር። ሒሳብ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ለወግ ለማዕረግ ያልሽው የዚያ ፍሬ ነው። ያን ቀን ስብሰባው ላይ ልነሳ ነበር፤ አንቺ ጉልበቴን ስትመቺኝ አልቻልኩም።»

እናቷ እሳቱን ታያለች። «ታዲያ ፀጉርሽስ? ቀሚስሽስ? እኔ ዕውር ነበርኩ?»

«ጀሪካኑን ራሴ ላይ አፈስሰው ነበር።»

ወይዘሮ ይርገዱ ዞር ብላ ልጇን አየቻት። ብዙ ነገር ፊቷ ላይ አለፈ።

«ክዳኑ ደህና ነበር ማለት ነው» አለች።

«ደህና ነበር።»

«ያን ሁሉ ክዳን። ያን ሁሉ ፌስታል። ያን የክዳን ነጋዴ እኮ እስኪሞት ረግሜዋለሁ።»  ከዚያ የልጇን እርጥብ ራስ ወደ ጭኗ ሳበች። «አባትሽ የሚያነሳው ሰው አጠገቡ አልነበረም» አለች። «አጥንቱን እኔ አናግረዋለሁ። አንቺ ላይ አይፈርድም።»

ከእሳቱ ማዶ አቶ ስማቸው የዚያችን እናት ሕፃን እንደያዙ ተቀምጠዋል። ካፖርታቸው ውሃ ይንጠባጠባል። «እኔ ዳሱ ውስጥ ከሁላችሁም በፊት የነበርኩ ነኝ» አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። «አባቴ ጥሎን ሄዶ፣ እናቴ ሰው ቤት ተቀጥራ ነበር። ሚዛንም ቁጥርም ያወቅሁት እዚያ ነው። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ያ ልጅ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ይታየኛል። ዳሱ ቢፈርስ እሱም የሚጠፋ መስሎኝ ነበር።»

በዓሉ አለፈ፤ ዳሱ የሚፈርስበት ቀን ደረሰ። ሰው ዶማና መዶሻ ይዞ ተሰበሰበ። ጋሽ አንዳርጌ አግዳሚያቸው ላይ ተቀምጠዋል። የጀልባዋ ወሬ ከተማውን ሞልቶታል፤ ሆኖም ውሳኔው ውሳኔ ነውና ሊቀመንበሩ ግራ ተጋብቶ ቆሟል።

ውባለም ከእናቷ ጎን ወጥታ ምሰሶው ጋ ቆመች። ጆሮዋ ድረስ ቀላች። እጇን ግን ወደ አፏ አልወሰደችም።

«አንድ ሰው ይነሳ ተብሎ ነበር» አለች። «ዘግይቻለሁ። እኔ የዳስ ልጅ ነኝ።»

ፈንታሁን ተከተላት። «እኔም። ከደወል በኋላ እዚህ ባልውል ኖሮ ከእነማን ጋር እውል እንደነበር ታውቃላችሁ፤ ግማሾቹ እስር ቤት ናቸው።» ባለ ሕፃኗ እናት መጣች። ተማሪው መጣ። አቶ ስማቸው መጥተው ከመጨረሻው አግዳሚ ጫፍ፣ ድሮ ቦታቸው ከነበረው ላይ ተቀመጡ። መዶሻ ይዘው ከመጡት መሀል እንኳ አንዳንዶቹ መዶሻውን መሬት አስቀምጠው ወደ ዳሱ ገቡ። ቦታ ጠበበ።

ሊቀመንበሩ የገቡትን አየ። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞረ። «ጋሽ አንዳርጌ፣ እነዚህን ሁሉ ያውቋቸው ነበር። ያን ቀን በየስማቸው ቢጠሯቸው ኖሮ እኮ ነገሩ ያን ጊዜ ያልቅ ነበር። ለምን ዝም አሉ?»

«ተደብቀው ሲመጡ ተቀብያቸዋለሁ» አሉ ጋሽ አንዳርጌ። «ተደብቀው መኖር ሲፈልጉ ላጋልጣቸው?» ከዚያ የተሰበሰቡትን አንድ በአንድ ተመለከቱ፤ አሁን ቀና ብለው። «ይልቅ ከናንተ ጋር አንድ ያላለቀ ጉዳይ አለኝ። ሕጉን ረስታችኋል። ወደ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ከናንተ ለሚያንስ አንድ ልጅ ያወቃችሁትን ታስረዳላችሁ ብዬ ነበር። እናንተ ሳታስረዱ ነው የሄዳችሁት።»

 ሊቀመንበሩ ዶማና መዶሻ የያዙትን በእጁ አሰናበታቸው፤ ዳሱ አይነካም አለ። በማግሥቱ የትምህርት ቤቱ ደወል ሲደወል ውባለም ከጤና ጣቢያ ወጥታ በዋናው መንገድ፣ ሰው ሁሉ እያያት ወደ ዳሱ ወረደች። ፈንታሁን ጀልባውን አስሮ መጣ። አቶ ስማቸው ሚዛናቸውን አሸክመው መጡ፤ ሒሳብ በባዶ አይገባም አሉ። ወይዘሮ ይርገዱ ደግሞ ከገበያ ስትመለስ በዘንቢል ሙሉ አዲስ የጀሪካን ክዳን ይዛ ብቅ አለች። አንድ አንዱን አሽከርክራ፣ ጎትታ፣ አጥብቃ ዘጋችና ለልጆቹ አደለቻቸው።

«ይሄ የማያፈስ ነው» አለች፣ ልጇን በጎን እያየች። «ዛሬ ርሶ የሚመጣ ቢኖር ምክንያቱን አውቃለሁ።»

ወዳጆቼ፣ በትምህርት ቤት ደወልና በፀሐይ መጥለቂያ መሀል ያለው ሰዓት ባለቤት የሌለው ይመስላል። ነገር ግን የብዙ ልጅ ዕጣ የሚወሰነው በዚያ ሰዓት ነው። እዚያ ሰዓት ላይ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ልጅን ከጠበቀ፣ ያስተማረው ነገር በዚያው ቀን አይታይም፤ በዚያው ዓመትም ላይታይ ይችላል። ሕፃኑ አድጎ፣ የራሱንም የሌላውንም ሕይወት በእጁ የሚይዝበት ቀን ሲመጣ ይታያል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ቦታ ዛሬ ምን አፈራህ ብሎ ጠይቆ ለመፍረድ መቸኮል ስሕተት ነው። ከዚህ የሚብሰው ስሕተት ግን እዚያ ተምረን የወጣነው የእኛ ዝምታ ነው። ከተማዋ ዳሱ ፍሬ የለውም ያለችው ፍሬዎቹ አፍረው ስለተደበቁ ነበር።

እናንተንስ ከደወል በኋላ የጠበቃችሁ ማን ነበር? ያ ሰው ዛሬም አቀርቅሮ ተቀምጦ ይሆን፣ እናንተን ላለማጋለጥ ብሎ?